ሮዝ ውሃ ይዞ ወደ ቢላ

ወደ ወለጋ የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ለሽርሽር የሚጓዝ ሰው ከነበረ እኔ አላጋጠመኝም፤ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለማውጣት የሚቆሙት ሰልፍ ብቻውን የሽርሽር አምሮት ያስወጣል። እኔን ከቤቴ ያስነሳኝ የአንዲት ልጅ ጉልበት ነው።

ሥራዬ አዲስ አበባ፣ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ከበሽተኛ የተቆረጠ ሥጋ በስሱ እየከተፉ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ዲንቂቱ የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በክረምቱ ከአባቷ ጋር ወለጋ ካለችው ትንሽ ከተማ፣ ከቢላ መጥታ፣ ጉልበቷ ላይ ካበጠው ነገር ቁራጭ ተወስዶላት ነበር። አጥንት ያለበት ቁራጭ በአሲድ ካልለሰለሰ ምላጭ አይደፍረውም፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። አባትየው መጠበቁ ሰለቻቸውና ልጃቸውን ይዘው አገራቸው ገቡ። ውጤቱን ያየሁት እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው። የአጥንት ካንሰር ነው። እግሯ ከጉልበቷ በላይ ቶሎ ከተቆረጠ ልትተርፍ ትችላለች፤ ከዘገየ ወደ ሳንባዋ ይወጣል። ቢላ ስልክ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በቴሌግራም አይነገርም። የዓመት ዕረፍቴን ጠይቄ ራሴ ተነሳሁ።

ሐኪም ያልሆነ ሰው ምን አስኬደው የሚል ካለ፣ ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ሌኒንግራድ ስማር አንድ አስተማሪያችን ሕዋስ ለምን እንደሚያረጅ ማውራት ከጀመሩ ደወሉን አይሰሙም ነበር። ሕዋስ ሲባዛ ዘሩን የያዙትን ክሮች፣ ክሮሞሶም የሚባሉትን፣ ይገለብጣል። የክሩን ጫፍ ገልብጦ መጨረስ ግን አይሆንለትም፤ በየግልበጣው ከጫፉ ጥቂት ይጎድላል። ይህን ለአገሬ ሰው የማስረዳው በጋቢ ነው። የጋቢ ጫፍ የሚቋጨው ሸማው እንዳይተረተር ነው። ቋጠሮው በየአጠባው ትንሽ ትንሽ እያለ ቢያልቅና ወደ ሸማው ቢጠጋ፣ ባለቤቱ ማጠቡን ይተዋል። ጤነኛ ሕዋስም ጫፉ ሲያልቅበት መባዛቱን ይተዋል። ካንሰር ግን አይተውም፤ የሆነ ነገር ጫፉን እየመለሰ ይቋጭለታል። በዚያ ሰሞን ኩሬ ውስጥ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ ፍጥረት ይህን ቋጪ ይዞ መገኘቱ ተሰምቶ ነበር። ኋላ ቴሎሜሬዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። ሁሉም ተደሰተ፤ እኔን ግን አንድ ነገር በላኝ። ቋጪው የሌለው ካንሰር ቢኖርስ? በምን መላ ይኖራል? ሌኒንግራድ የቀረ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ትኩስ የአጥንት ካንሰር በሕይወት እንዳለ ካገኘሁ በአውሮፕላን በሚሄድ ሰው እጅ እንድልክለት ደጋግሞ ጠይቆኛል። የዲንቂቱ እግር ከተቆረጠ፣ ባቄላ የምታህል ቁራጭ ለእኔ ትበቃኝ ነበር።

ከአዲስ አበባ ነቀምቴ

አውቶቡስ ተራ ስደርስ ገና አልነጋም። ዕቃዬ አንድ ሻንጣና አንድ አፈ ሰፊ ፔርሙዝ ነው። ፔርሙዙ ውስጥ በበረዶ የተከበበ ጠርሙስ አለ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ሮዝ ውሃ። ስኳርና ጨው፣ መድኃኒትም አለበት፤ ከሰው አካል የተለየ ሕዋስ ለጥቂት ቀን ሳይሞት የሚቆይበት ምግቡ ነው። ከጎኔ የተቀመጡት ሰው ፔርሙዙን አይተው ሻይ መስሏቸው ኩባያ አወጡ። ጋሽ ሳኒ ይባላሉ፤ ጉራጌ ናቸው፣ ነቀምቴ ሱቅ ከከፈቱ ልጆቻቸው ተወልደው አድገዋል። ሻይ አለመሆኑን ስነግራቸው ኩባያውን መልሰው ከኪሳቸው ከተው፣ እስከ አምቦ ድረስ ስለ መርካቶ ነጋዴዎች ክፋት አጫወቱኝ።

አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ወታደር ወጣት ነው፤ እንቅልፍ የጠገበ አይመስልም። ፔርሙዙን ከፍቶ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አነሳው።

«ይሄ ምንድነው ጓድ?»

«የሥጋ ምግብ ነው።»

«ሥጋ ይበላል እንዴ?»

«በሕይወት ካለ ይበላል።»

ወታደሩ ትንሽ አሰበና «ቅመሰው» አለኝ። ብለምነው፣ ንጽሕናው ይበላሻል ብለው፣ የሥራ መታወቂያዬን ባሳየው ወይ ፍንክች። በጋሽ ሳኒ ኩባያ ቀድቼ ጠጣሁት። እንባ ውስጥ ስኳር የጨመሩበት ይመስላል። ወታደሩ እወድቅ እንደሆነ ጥቂት ጠብቆ አሳለፈን። አውቶቡስ ውስጥ ስገባ ሰው ሁሉ በአክብሮት አየኝ፤ ጋሽ ሳኒ ብቻ ኩባያቸውን በመሐረብ እየወለወሉ «ሶቪየት የተማረ ሰው ቮድካ ይጠጣል ሲሉ ነው የሰማሁት» አሉ። ከዚያ ወዲያ እስከምንለያይ ድረስ ስሜ «ሶቪየቱ» ሆኖ ቀረ።

ከጉደር በኋላ አስፋልቱ ቀረና አቧራው ተተካ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ መስከረም ማለት ጠዋት ጠዋት ጣት የሚቆረጥምበት፣ ገብሱ ገና አጎንብሶ ያልጨረሰበት ወር ነው። ባኮ ስንወርድ ሙቀቱ ሸሚዜን ከጀርባዬ አጣበቀው፤ በቆሎው ግራና ቀኝ ከአውቶቡሱ መስኮት በላይ ቆሟል። ጎማ የፈነዳብን እዚያ ነው። ረዳቱ ቡናውን ጠጥቶ እንደጨረሰ ሰው ተረጋግቶ ሲሠራ፣ በመንገዱ ዳር ያለች ሴት እሸት በቆሎ ጠብሳ ለተሳፋሪው ሁሉ አዳረሰች። ልጆቿን እያሳየች በኦሮምኛ የምትለውን ጋሽ ሳኒ ተረጎሙልኝ፤ ከቤቴ ደጅ ተርቦ የሄደ መንገደኛ አላውቅም ማለቷ ነው። እኛ አገር ቢሆን አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ደጅ ላይ ሲቆም በሩ ይቆለፋል። ይህን ስል ደብረ ብርሃኖች እንዳይቀየሙኝ፤ ብርዱ ነው እንዲህ ያደረገን።

ነቀምቴ አመሻሽ ላይ ደረስን። አልጋ የተባለ በሙሉ ለካድሬዎች ሴሚናር ተይዟል። ጋሽ ሳኒ ሁለት ቤት ስጠይቅ ቆመው ካዩኝ በኋላ ሻንጣዬን አንስተው መንገድ ጀመሩ። እቤታቸው ባለቤታቸው ቆጮ በጎመንና በቅቤ አቀረቡልን፤ አልጋ የተነጠፈልኝ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በጨው ከረጢትና በላስቲክ ጫማ ክምር መካከል ነበር። ከዚያ የተሻለ እንቅልፍ ሌኒንግራድ ውስጥም አልተኛሁም።

ነቀምቴ

በማግስቱ የከተማውን ቀዶ ሐኪም አገኘሁት። ዝምተኛ፣ ጣቶቹ ረጃጅም ሰው ነው። የልጅቷ ቁራጭ ያለበትን መስታወት ከሻንጣዬ አውጥቼ አሳየሁት፤ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየና «አምጣት እንጂ እኔ ዝግጁ ነኝ። ግን አስገድደህ እንዳታመጣት። እግሩን የምቆርጠው እሺ ላለ ሰው ነው» አለኝ።

ጋሽ ሳኒ የልጅቷን አባት ያውቋቸዋል። ኦቦ ኢተፋ ይባላሉ፤ ቡናና ማር ያመጡላቸዋል። «ያ ሰውዬ ማሩን ሲያመጣ ሰፈፉን አብሮ ያመጣዋል። ቁራሽ ሰፈፍ ቢጎድል እንኳ ማሩ ሙሉ አይደለም ይላል» አሉኝ። ያን ጊዜ ስለ ማር ብቻ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። ዕቃ ጭነው ለቢላ ገበያ በማግስቱ ስለሚወጡ አብሬያቸው እንድሄድ ተስማማን።

ቀሪውን ጊዜ በገበያው ስዞር ዋልኩ። አንድ ነጋዴ ከአንዱ ጋር በኦሮምኛ ተከራክሮ፣ ወደ ሌላው በአማርኛ ዞሮ፣ ሲናደድ ደግሞ ሁለቱንም ቀላቅሎ ይናገራል። «አካም ጅርቱ»፣ እንደምን አላችሁ፣ ስባል መልሱን ስለማላውቅ ፈገግ እላለሁ፤ እነሱም ፈገግ ብለው ደግመው ይጠይቁኛል። በረዶ የማድስበት ፍሪጅ ፈልጌ ሁለት ሰው ፈቀደልኝ፤ ከተማው በሙሉ መብራት ስለጠፋበት ግን ያገኘኋትን ጥቂት በረዶ ከሐኪም ቤት ለምኜ ፔርሙዙን ከእጄ ሳላወጣ ቀረሁ።

ቢላ

ጠዋት በጋሽ ሳኒ ፒካፕ የመጣሁበትን መንገድ መልሼ ያዝኩ። ጉቴ ላይ ቆመን ጨጨብሳ በላን፤ ከማሩ ብዛት ማንኪያዬ ሳህኑ ላይ ተጣበቀ። ከዋናው መንገድ ወደ ቢላ ከተገነጠልን በኋላ ግን ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ጭቃው ጎማችንን ይዞ አልለቀቀም። ከየማሳው የወጡ ሰዎች ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ገፉን። አንዱ ጭቃው እስከ ወገቡ ተረጭቶበት «ገለቶማ» ስለው፣ አመሰግናለሁ ማለት እንደተማርኩ አይቶ ሳቀና አጠራሬን አረመኝ።

የኦቦ ኢተፋ ቤት ከከተማው ጥግ፣ ከቡናው ጥላ ሥር ነው። ኦቦ ኢተፋ ረጅም፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው፤ ጋሽ ሳኒን አቅፈው ሳሙ፤ እኔንም እንደዚያው። ለምን እንደመጣሁ ልናገር አፌን ስከፍት ጋሽ ሳኒ በክርናቸው ጎሰሙኝ። እዚያ አገር ሳይበሉ ወሬ የለም።

የቀረበልን አንጮቴ ነው። ለማያውቀው አንባቢ፣ አንጮቴ ከመሬት የሚቆፈር ሥር ነው፤ ተቀቅሎ ተልጦ በቅቤና በቅመም ይቀርባል። ድንች የሚመስለው ሰው አንድ ጉርሻ ሲወስድ ሐሳቡን ይቀይራል። ወለጋ ውስጥ አጥንቱ የተሰበረ ሰው በአንጮቴ ይጠገናል፤ ሰው ሁሉ የሚያምንበት፣ ሲሠራም ያየው ነገር ነው። የዲንቂቱ እናት አዴ ሹሜ በትልቁ ሳህን አምጥተው ግማሹን ለእኛ፣ ግማሹን ጥግ ላይ መደብ ላይ ለተቀመጠችው ልጃቸው አደረጉ። ዲንቂቱ ቀጭን፣ ዓይኗ የማያርፍ ልጅ ናት። ቀኝ እግሯ ተዘርግቷል። ጉልበቷ በነጠላ ተሸፍኗል።

ስንበላ አዴ ሹሜ ነጠላውን ገለጥ አድርገው እጄን ይዘው ጉልበቷ ላይ አሳረፉት፤ የሚሉትን ጋሽ ሳኒ ይተረጉሙልኛል።

«ያዝ እስቲ። ድንጋይ ሆኗል አይደል? ስትወድቅ ተሰብሮ ነው። አንጮቴው አጥንቱን እየሠራው ነው።»

እጄ ሥር ያለው ነገር እውነትም አጥንት ነበር። እንዲህ ያለው ካንሰር ራሱ አጥንት ይሠራል፤ በማይክሮስኮፕ ያየሁትም ይህንኑ ነው። ጋሽ ሳኒን አየኋቸው፤ ተናገር በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ ለአባትየው ሁሉንም ነገርኳቸው።

ኦቦ ኢተፋ ወደ ደጅ ወጥተው ቆሙ። አዴ ሹሜ ግን ፊታቸው ተቆጣ። «የሚድን አጥንት ይቆረጣል እንዴ?» አሉ። በዚህ ቤት ስንት ሰው በአንጮቴ እንደዳነ፣ የወንድማቸው ክንድ፣ የጎረቤቱ ባት፣ አንድ በአንድ ነገሩኝ።

«ሲድን በምን ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ማደጉን ሲተው ነዋ! አጥንት እስኪገጥም ያብጣል፤ ገጥሞ ሲያበቃ ይተዋል።»

«ይሄስ ተወ?»

ከልጃቸው ጉልበት በላይ የጥጥ ክር ታስሮ አየሁ። እብጠቱ መጉደሉን ለማየት ስትታመም ያሰሩት ነው። በጣታቸው ነካ አደረጉትና «ይሄን ክር ደጋግሜ ፈትቻለሁ» አሉ፤ «ሁልጊዜ ያጥረኛል።» ከዚያ እንባቸው መጣ። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ የአንጮቴውን ሳህን ይዤ ቀረሁ።

እናቷ ከወጡ በኋላ ዲንቂቱ ትምህርት ቤት በተማረችው ጥርት ያለ አማርኛ «ጋሼ፣ ለምንድነው የማይተወው?» አለችኝ።

የጋቢዬን ጫፍ አሳየኋት። ስለ ክሮሞሶሙ፣ በየግልበጣው ስለሚጎድለው፣ ጤነኛ ሕዋስ ጫፉ ሲያልቅ ስለመቆሙ፣ ስለ ኩሬው ፍጥረትና ስለ ቋጪው ነገርኳት። ባዮሎጂ ትወዳለች፤ ዓይኗ ፊቴ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ቋጪው የሌለው ቢሆንስ? ያኔ ይሞታል?»

ሌኒንግራድ ድረስ ሄጄ ያመጣሁትን ጥያቄ ቢላ ላይ አንዲት ልጅ መደብ ላይ ተቀምጣ ጠየቀችኝ። ገረመኝ፤ እንዲያውም ደነገጥኩ።

«አላውቅም» አልኳት። «ማንም አያውቅም። ከእግርሽ ትንሽ ማግኘት የሚፈልግ ሰው አለ።»

«ውሰዱ» አለች። «ግን ስታውቁት ንገሩኝ።»

እንደገና ቢላ

በማግስቱ ኦቦ ኢተፋ ሽማግሌዎች ጠሩ። ግቢው ውስጥ ከቀፎዎቹ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ሳኒ የገበያውን ሸማች ጥለው መጥተው ከጎኔ ሆነው ያስተረጉሙልኛል። ሽማግሌዎቹ ከሁለት ነገር በላይ አልጠየቁም። ባይቆረጥ ትሞታለች ወይ? አዎ። ቢቆረጥ ትድናለች ወይ? «ልትድን ትችላለች» አልኩ፤ ከዚያ በላይ ብል ውሸት ነው። ተመካከሩ። ኦቦ ኢተፋ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቆረጥ። ግን እግሯን ለእኔ ስጡኝ። አምጥቼ እዚህ እቀብረዋለሁ። ልጄ እግሯ የት እንዳለ ማወቅ አለባት። አንድ ቀን እሷም ስትሄድ ወደ እሱ ነው የምትሄደው።»

እሺ አልኩ። ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ልጅቷ ፈቅዳልኛለችና የቁራጯን ነገር አነሳሁ፤ ፔርሙዙንም ከፍቼ ሮዙን ውሃ አሳየሁ። ሽማግሌዎቹ ጠርሙሱን እየተቀባበሉ አዩት።

ኦቦ ኢተፋ አልተቆጡም። አሰቡበት። «ቁራጯን አይታችሁ ስትጨርሱ፣ ስትሞት ትመልሱልኛላችሁ?»

«አትሞትም» አልኩ። ሳስበው ከዚያ የከፋ መልስ አልነበረም፤ እውነቱ ግን እሱ ነው። «ምግቧን እስከሰጧት ድረስ ትባዛለች። እኔም ሞቼ እርስዎም ሞተው ልትኖር ትችላለች።»

ጋሽ ሳኒ ሲተረጉሙ ድምፃቸው ቀጠነ። ኦቦ ኢተፋ ራሳቸው በአማርኛ ጠየቁኝ።

«ታዲያ መቼ ነው የምንቀብራት?»

አንደኛው ሽማግሌ ራሱን እየነቀነቀ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሌላውም ደገመው። ጋሽ ሳኒ አልተረጎሙልኝም፤ ግን ገባኝ። ይቆረጥ ያሉትን ሊያጥፉ ነበር። የማይቀበር የሰው አካል ይዞ የሚሄድ እንግዳ ያለበት ሥራ አልጣማቸውም። በቤቱ በር በኩል ዲንቂቱ ግድግዳውን ተደግፋ ስታየኝ አየሁ።

ጠርሙሱን ከሽማግሌው እጅ ወስጄ ከፈትኩና ውሃውን መሬት ላይ ደፋሁት። ቀይ አፈር ነው፤ ወዲያው ጠጣው። «ሁሉንም ይውሰዱ፣ አንዲት ጥፍር አትቀርም» አልኳቸው። ተናድጄ ነበር፤ በእነሱ አይደለም፣ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ኦቦ ኢተፋ ተነስተው ትከሻዬን ያዙኝ።

ወደ ነቀምቴ መልስ

ዲንቂቱን ፒካፑ ላይ የገለባ ፍራሽ አንጥፈን ጫንናት። አዴ ሹሜ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገው በየጉድጓዱ ጋሽ ሳኒን ይሰድባሉ፤ ጋሽ ሳኒም መንገዱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም እያሉ ይመልሳሉ። ጭቃው ላይ የገፉን ሰዎች እንደገና ገፉን፤ በዚህኛው ጊዜ ልጅቷን አይተው አልሳቁም።

ደም ያስፈልግ ነበር። የአባትየው አልገጠመም፤ የጋሽ ሳኒ ገጠመ። ሰጥተው ሲወጡ ደረታቸውን ነፍተው «ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ልጅ ስትከራከር ጉራጌነቷ ይታወቃል» አሉ። አዴ ሹሜ ከመጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሄደ። ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ሲወጣ የተቆረጠውን እግር ለኦቦ ኢተፋ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ኦቦ ኢተፋ እግሩን በአዲስ ነጭ ጋቢ ጠቅልለው፣ ጭናቸው ላይ አድርገው ኮሪደሩ ውስጥ ተቀመጡ። እንደ ሕፃን ነው የያዙት። ጋሽ ሳኒ በማግስቱ ጠዋት ወደ ቢላ ሊወስዷቸው ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን የሰው እጅ አላስነኩትም፤ ለንጽሕና ሲባል ሌላ ቦታ ይቀመጥ ያለቻቸውንም ነርስ አልሰሟትም።

ጠዋት ላይ ዲንቂቱ ነቅታ አባቷን አስጠራች። ፊቷ ነጥቷል። «ሳይቀበር ልየው» አለች። «ውስጡን።»

ኦቦ ኢተፋ እንቢ የሚሉ መስሎኝ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጋቢውን ራሳቸው ፈቱ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከሐኪሙ ቢላዋና መጋዝ ተቀብዬ ጉልበቱን ከፈትኩላት። አጥንቱ ውስጥ ነጭ፣ ጠጣር፣ አበባ ጎመን የሚመስል ነገር አብቦ ወጥቷል። ልጅቷ በክርኗ ተደግፋ ቀና ብላ አየችው። አላለቀሰችም፣ አልዘገነናትምም።

«ይሄ ሁሉ» አለች፣ «ይሄ ሁሉ ጫፉን ከየት አመጣው?»

«አላውቅም።»

ኦቦ ኢተፋ ከመስኮቱ ሳይዞሩ «ውሰድ» አሉኝ። «ከፈለግህ ውሰድ። ልጄ ትፈልጋለች።»

ውሃው ግን ቢላ መሬት ውስጥ ገብቷል። በዚያ ላይ ቁራጩ ከእሷ ደም ከተለየ አንድ ሌሊት አልፎታል፤ የሞተ ነገር ነው። ይህንን ነገርኳቸው። ጋቢውን አብረን መልሰን ጠቀለልነው። ጋሽ ሳኒ ፒካፑን አስነስተው ጠበቁ። እኔም በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ተመለስኩ። በዚያው ኬላ ያው ወታደር ባዶውን ፔርሙዝ ከፍቶ አየውና ጨረስከው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ከዓመት በላይ ዲንቂቱ በክራንች ትምህርት ቤት ስትመላለስ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሳል ያዛት፤ ካንሰሩ ሳንባዋ ደርሶ ነበር። ጋሽ ሳኒ ማረፏን በስልክ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተቆራረጠ። አባትየው የእግሩን ጉድጓድ ከፍተው አስፍተው እዚያው አጠገቡ አሳረፏት። «ሙሉ ናት» አሉኝ ጋሽ ሳኒ፤ «ኦቦ ኢተፋ ሙሉ ናት በልልኝ ብሎኛል።» ስልኩን ዘግቼ ላቦራቶሪው ውስጥ አለቀስኩ። ሮዙን ውሃ ባልደፋው ኖሮ፣ የሆነ ከተማ ውስጥ የሆነ ጠርሙስ ውስጥ ያልተቀበረች ቁራጯ ዛሬም ስትባዛ ትኖር ነበር። ውሃውን በመድፋቴ ደስ ይለኛል። ባለማወቄ ግን ለዓመታት ተብሰልስያለሁ።

መልሱን ሌሎች ሰዎች አገኙት፤ ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ ነው። ቋጪው ኢንዛይም ጨርሶ የሌላቸው ካንሰሮች አሉ፤ የአጥንት ካንሰር ብዙ ጊዜ ከእነሱ አንዱ ነው። ጫፉ ያጠረበት ክሮሞሶም ወደ ሌላው ክሮሞሶም ጫፍ ይጠጋል፣ የራሱን ክር እዚያ ሰክቶ የጎረቤቱን ጫፍ እያየ ይገለብጥና ራሱን ያስረዝማል። ስለዚህ ነው የእነዚህ ሕዋሶች ጫፍ አንዱ እጅግ ረጅም፣ አንዱ ከናካቴው የሌለ የሚሆነው። ይህን ባነበብኩ ቀን የምነግረው ሰው ፈለግሁ። ስታውቁት ንገሩኝ ያለችኝ አንድ ሰው ብቻ ነበረች።

ነቀምቴ ደወልኩ። ኦቦ ኢተፋ ማር ይዘው ሱቁ ውስጥ ነበሩ፤ ጋሽ ሳኒ ስልኩን ሰጧቸው። እንደምንም አድርጌ፣ በቀላሉ፣ ጫፉን ከጎረቤቱ እያየ እንደሚገለብጥ ነገርኳቸው።

«ኩረጃ ነው በለኛ» አሉ። «ተማሪ ፈተና ላይ እንደሚያደርገው።»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው።»



«ዲንቂቱ እኮ» አሉኝ፣ «ለማንም አስኮርጃ አታውቅም ነበር።»